ዜሮ ሰው የሚፈልገው አስተማሪ

ልጄ፣ «ዳዲ፣ ዌብሳይት ልሥራልህ» ያለችኝ ቀን ግንባሯን ስሜ መመረቅ ሲገባኝ፣ «ምን አስበሽ ነው?» አልኳት። እንዲህ ነኝ እንግዲህ። ሰው ሻይ ሲጋብዘኝ እንኳ ጋባዡ ቀድሞ ሲጠጣ አይቼ ነው የምቀምሰው።

ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ በሚሠራ ፋብሪካ ስገጣጥም ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ በተሳፋሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን ያላት መኪና ገዛሁና ጣሪያዋ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምልክት አኖርኩባት። ባለቤቴ ወደ ጌታ ከመሄዷ በፊት፣ «አንተ ድሮም ሰው ሲነዳ ከጎን ሆነህ ባዶ ወለል የምትረግጥ ሰው ነህ፤ አሁን እውነተኛ ፍሬን አገኘህ» ብላ ስቃብኛለች። ልክ ነበረች። ይህ ሥራ ለተጠራጣሪ ሰው የተፈጠረ ነው። ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ሊገድልህ እንደሚችል አምነህ ነው ቀበቶህን የምታስረው።

ተማሪ ፈልጌ አላውቅም ነበር፤ ተማሪ ነበር የሚፈልገኝ። አዲስ የመጣ ሰው ዘመዱን ይጠይቃል፣ ዘመዱ እኔን ያሳየዋል፣ አለቀ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ስልኬ ጸጥ አለ። የመኪናዬ ዋስትና ማለቁ እንቅልፍ ከነሣው አንድ የማላውቀው ዋስትና ሻጭ በቀር የሚደውልልኝ ጠፋ። የወጣቶቹ አስተማሪዎች ስም ኢንተርኔት ላይ ከላይ ይወጣል ተባለ። የእኔ ከታችም አይወጣም።

ልጄ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ትኖራለች። የምትሠራው ለድርጅቶች ነው፤ ዌብሳይታቸውን ሰው እንዲያገኘው መንገዱን ታቅድላቸዋለች። እዚህ ስለተወለደች አማርኛዋ እንግሊዝኛ ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ያሰበችውን ከመናገር የሚያግዳት ቋንቋ ግን የለም።

«ዲል እናድርግ» አለችኝ። «ዌብሳይቱን እሠራልሃለሁ። የመጀመሪያው ስኖው እስኪወድቅ ድረስ ተማሪ ካመጣልህ ሥራህን ቀጥል፤ ሁለተኛ አልናገርህም። ካላመጣልህ መኪናውን ሸጠህ እኔ ቤት ትገባለህ።»

ተስማማሁ። ስትሄድ ግን ነገሩ ሸተተኝ። ቤቷ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ አልጋ ከተነጠፈ ቆይቷል። ቴሌቪዥኑ ተሰቅሏል። መታጠቢያው ግድግዳ ላይ ሽማግሌ የሚጨብጠው ብረት ተመቷል። ዌብሳይቱ ከሠራ እኔ አሸነፍኩ፤ ካልሠራ እሷ አሸነፈች፤ ዌብሳይቱን የምትሠራው ደግሞ ራሷ ናት። ከሳሿም እሷ፣ ዳኛዋም እሷ፣ ጠበቃዬም እሷ! እንኳን እኔ፣ የዋህ ሰውም ይጠረጥራል።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ኩሽናዬ ውስጥ ተቀመጠች። «ገጽ ከመሥራታችን በፊት ሰው ምን ብሎ ሰርች እንደሚያደርግ ማወቅ አለብን» አለችና ኪወርድ መፈለጊያ የሚባለውን ከፈተች። አንድ ቃል ትጽፍበታለህ። ያንን ቃል በወር ስንት ሰው እንደጠየቀው፣ እዚያ ቃል ላይ ፉክክሩ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ጠያቂዎቹ አያይዘው ምን ምን እንደሚጠይቁ ይዘረግፍልሃል።

«እስኪ አንተ በል፤ ሰው አንተን ሲፈልግ ምን ብሎ የሚጽፍ ይመስልሃል?»

«ጎበዝ የመንዳት አስተማሪ ሴንት ፖል።»

ጻፈችው። «ዜሮ።»

«ታጋሽ አስተማሪ በዪው።»

«ዜሮ።»

«የመኪና መንዳት ትምህርት በአማርኛ።»

«ዳዲ፣ ዜሮ ነው።»

መነጽሬን አድርጌ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ፤ እውነትም ዜሮ ነው። ግን ዜሮ ማንም ሊጽፈው የሚችል ቁጥር ነው። «ለመሆኑ ይሄ ማሽን ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚጠይቀውን ማን ነግሮት ያውቃል? ይሄ ጆሮ ጠቢ ነው» አልኳት።

«ጆሮ ጠቢ ምንድን ነው?»

«ሰው ያወራውን አዳምጦ ለበላይ የሚያቀርብ።»

ትንሽ አሰበችበት። «ኤግዛክትሊ! እሱ ነው» አለች፤ ደስ ብሏት።

ከዚያ በእንግሊዝኛ «የመንዳት ትምህርት ቤት» የሚለውን ስትጽፍ ቁጥሩ ጎርፍ ሆኖ መጣ። እኔ ተነሥቼ ልጨፍር ስል፣ «አትቸኩል፤ ዲፊከልቲው ቀይ ነው» አለችኝ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ቃሉን ይዘውታል፤ እዚያ ብንጋፋ ማንም በማይገልጠው ገጽ ላይ ነው የምንቀረው። የሚያዋጣን ረጅሙ ጥያቄ ነው አለች፤ ጠያቂው ጥቂት የሆነ፣ ግን ቆርጦ የተነሣ። «የጠያቂው ብዛት አይደለም ዋናው። ሲጠይቅ ምን ሊያደርግ ተነሥቶ ነው? እሱ ነው።»

«የእኛ ሰው እኮ ለማሽን አይጽፍም» አልኳት። «የእኛ ሰው ቤት ሲከራይም፣ ጥርሱን ሲያመውም፣ መኪናው ሲበላሽም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ‹ሰው ታውቃለህ?› ይላል።»

«እሺ። ታዲያ ለማሽኑ የሚጽፈው ማን ነው? የሚጠይቀው ሰው የሌለው» አለችና ላፕቶፗን ሰበሰበች። «ወይም ሰው መጠየቅ የሚያፍር።»

ይህን ብላ ሄደች። እኔ ግን ዜሮዎቹ ሊዋጡልኝ አልቻሉም።

ሰኞ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩና ያንኑ መሣሪያ በነጻ ሙከራ ከፈትኩት። ኢሜይሌን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ያን ጊዜ የሰጠሁት ኢሜይል እስከ ዛሬ ድረስ «ናፍቀኸናል» የሚል ደብዳቤ ያመጣብኛል፤ የገዛ ወንድሜ እንኳ እንደዚያ ናፍቆኝ አያውቅም። የልጄን ቃላት አንድ በአንድ ጻፍኩ። ዜሮ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ዜሮ። «ይህን ቃል ማለትዎ ይሆን?» ብሎ የአንድ የቆዳ ቅባት ስም አቀረበልኝ።

ልጄ እንደማትዋሽ ካረጋገጥኩ በኋላ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ተጠራጣሪ ሰው ግን ንጹሕ ነው ከተባለለት ሰው ሌላ ጥፋት ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ «አሮጌ አባትን አብሮ እንዲኖር እንዴት ማሳመን ይቻላል» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩን ሳይ ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። አሜሪካ በሙሉ አባቱን ሊሰበስብ ተነሥቷል! ከሥሩ ደግሞ ዘር ማንዘሩ ተዘርግፏል፤ «አልመጣም የሚል አባት»፣ «ግትር አባት»፣ «ቁልፉን አልሰጥም ያለ አባት»። ሁሉንም አነበብኩት። ሁሉም እኔ ነኝ።

ማታውን ደወልኩላት። «ከእነዚህ ጠያቂዎች አንዷ አንቺ ነሽ?»

«መሣሪያው ማን እንደጠየቀ አይናገርም፣ ዳዲ።»

«አንቺስ?»

«እኔም አልናገርም» አለችና ስቃ ዘጋችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ዕቅዷን ጨርሳ ነበር። አንድ ገጽ ስለ ፓራለል ፓርኪንግ፣ አንድ ገጽ በበረዶ ስለ መንዳት፣ ዋናው ገጽ ግን ሮድ ቴስት ለወደቁ ሰዎች። ሚኒሶታ ውስጥ ፈተና ወድቀው «አሁን ምን ላድርግ?» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን በየወሩ አሉ፤ ፉክክሩም አረንጓዴ ነው።

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። «ሐበሻ ታውቂያለሽ? የእኛ ሰው የፈተናውን ቀን ለሚስቱ እንኳ አይናገርም! እስኪያልፍ ድረስ የመለማመጃ ፐርሚት እንዳለው የሚያውቅ የለም። ካለፈ በኋላ ነው በአንዴ እንዳለፈ የሚያወራው። አንቺ ደግሞ ‹የወደቃችሁ ወደ እኔ ኑ› ብለሽ ልትጽፊ ነው? ያንን ጽሑፍ ካዩ በኋላ የእኔ መኪና ውስጥ የታየ ሰው አለቀለት! ሆን ብለሽ ነው። ቤዝመንቱ ናፍቆሻል።»

አልተቆጣችም። ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

«ዳዲ፣ ያንን ጥያቄ እኔ ጽፌው አውቃለሁ። ሲክስቲን እያለሁ።»

«አንቺ በአንዴ ነው ያለፍሽው! ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ያውቃል፤ እኔ ራሴ ነኝ ያወራሁት።»

«መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ኮምፒውተራቸው ተበላሽቶ ፈተናው ተሰረዘ ያልኩህ ትዝ ይልሃል?»

ትዝ አለኝ። ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ልገባ ስል ነበር የነገረችኝ። ደግሞ አዝኜላት፣ «የመንግሥት ኮምፒውተር እንዲሁ ነው» ብዬ የመንግሥትን ኮምፒውተር ረግሜላታለሁ።

«እናትሽ ታውቅ ነበር?»

«እንዲህ በዪው ያለችኝ ማሚ ናት።»

ሻይ የማላምን ሰውዬ፣ በገዛ ቤቴ ሁለት ሴቶች ያቀረቡልኝን እንደ ውኃ ጨልጬው ኖሬያለሁ። በዚያው ገጹ እንዲወጣ ፈቀድኩ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አንዲት ሴት ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ከኋላዋ የእጅ ማድረቂያ ይጮኻል።

«ያ… የወደቁ የሚለው ገጽ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ለእኔ አይደለም። ጓደኛዬ ናት የወደቀችው።»

«ጓደኛሽን ቅዳሜ ላኪያት።»

ቅዳሜ ራሷ መጣች። «ጓደኛሽስ?» ስላት፣ «አልተመቻትም፤ እኔ ልሞክርላት» ብላ መሪውን ያዘች። ጎበዝ ነበረች ጓደኛዋ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተማሪዎችም ተከታተሉ። አንዱ ከቤቱ በላይ ባለው መንገድ እንድጠብቀው አዘዘኝ። ሌላዋ ጣሪያ ላይ ያለውን ምልክት ካላወረድኩ አልገባም አለች፤ አውርጄ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተትኩት። ሁሉም ቁጥራቸውን ደብቀው ይደውላሉ፣ ሁሉም ያስምሉኛል፣ ያለፉትም ያልፉና እንዳልተዋወቅን ይሆናሉ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ አንዱን በመስኮት ሰላም ብለው አንገቱን አዙሮ የልብስ ማጠቢያ ቤት ገባ፤ የሚታጠብ ልብስ አልያዘም።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወለ። እሑድ እሑድ ጸሎት የሚመራው ሰው ነው፤ ድምፁን ጉንፋን ቢለውጠውም አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ የታወቀው እንዲህ ነው፤ መኪናውን ሚስቱ ትነዳለች፣ እሱ ከጎን ሆኖ ይጸልያል። ለጸሎት ሲል መሪውን የተወ ሰው ተብሎ ይከበራል።

«ድምፄን አወቅከው?» አለኝ።

«አላወቅሁትም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲያው እንነጋገር።»

ለካ ድሮ ደጋግሞ ወድቆ፣ አፍሮ ነው የተወው። አሁን ሚስቱ ከፋሲካ በኋላ ዓይኗን ልትታከም ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት እሱ ብቻ ነው። ፍሪድሊ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ሠራተኛ የማይገባበት የአንድ ፋብሪካ ባዶ ፓርኪንግ መረጥን። እንደ ጸሎቱ የተባረከ እግር አልነበረውም፤ ፍሬኑን እንደ እባብ ነው የሚረግጠው። ግን አንድም ቀን አልቀረም።

ነገር የመጣው ከልጄ በኩል ነው። ኅዳር ሲቃረብ ላፕቶፗን ይዛ መጣች።

«ዳዲ፣ ገጹን ሰው እያየው ነው። ሰርች ላይ ከላይ ወጥተናል። ግን ቅጹን የሞላ የለም። ስለ አንተ ሪቪው የጻፈ የለም። ካላንደርህም ባዶ ነው።»

«ተማሪ አለኝ።»

«ማን?»

«መናገር አልችልም።»

«አንድ ስም ብቻ።»

«ማልኩላቸው እኮ!»

ልትከራከረኝ ስጠብቅ ድምፅዋ ለሰለሰ፤ ሰው ለሕፃንና ለበሽተኛ በሚያወራበት ድምፅ፣ «እሺ ዳዲ፤ አምንሃለሁ» አለች። አላመነችኝም። በልቤ የፈጠርኳቸው ተማሪዎች መስለዋታል። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ መጠርጠር ይህን ያህል እንደሚያም የሚነግረኝ አልነበረም። ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት በረዶ ነው ተብሏል።

ቅዳሜ ሽማግሌው ወደ ኋላ ማቆም እየተለማመደ ነበር። ወፍራም ካፖርቱን ለብሶ፣ አንገቱን አጣሞ፣ በጽሞና ኮኖቹን ይደፈጥጣል። ድንገት በመስተዋቱ ያየው ነገር አደረቀው።

«ያቺ ልጅህ አይደለችም?»

እሷ ናት። አንድ ጊዜ በረዶ ላይ ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ የት እንዳለሁ ስልኬ ይነግራታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምንም በሌለበት ባዶ ሜዳ ለረጅም ሰዓት እንደምቀመጥ አይታ፣ ጉዴን ልታጣራ መጥታለች። ወደ ሽማግሌው ብዞር መሪው ብቻ ነው ያለው። ያ ቁመት፣ ያ ሆድ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ መሪው ሥር ገብቷል። ካፖርቱን ከላይ ስቦ ተከናንቧል።

ልጄ መስኮቴን አንኳኳች። አወረድኩት።

«ዳዲ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«አስተምራለሁ።»

መኪናው ሞተሩ ይሠራል። እኔ በተሳፋሪው ወንበር ቀበቶዬን አስሬ ተቀምጫለሁ። በሾፌሩ በኩል አንድ ክምር ካፖርት አለ።

«ማንን?» አለች።

ካፖርቱ አይተነፍስም። አንዲት ቃል ብናገር ነጻ ነኝ። ባልናገር ደግሞ ለካፖርት ፓርኪንግ የሚያስተምር ሽማግሌ ተብዬ እዚያው ቤዝመንት መውረዴ ነው። መናገር ፈልጌ ነበር፤ ስለ ጽድቄ አላወራም። ግን የሰውዬው እጅ ከካፖርቱ ሥር ወጥቶ የሱሪዬን ጫፍ ጨብጧል።

«ማንም የለም» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሺ ዳዲ። ና ቤት እንሂድ፤ መኪናውን በኋላ እናመጣዋለን።»

«አለ» አለ ካፖርቱ።

ልጄ ጮኻ ወደ ኋላ ዘለለች። ሽማግሌው በመጀመሪያ ራሱ፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ መሪው ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ተነሣ።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ። አባትሽ አእምሮው ጤነኛ ነው፤ ያላለፍኩት እኔ ነኝ። አትንገር ብዬ አስምዬው ነው።»

«ጋሼ?» አለች። እሑድ በነጭ ሸሚዝ የምታውቀው ሰው ነው። ሳቁ መጥቶባት አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠና ስልኳን አወጣች። «ጋሼ፣ ገጹን ሲያገኙት ምን ብለው ነበር የጻፉት? ቃል በቃል?»

ካፖርቱን አስተካከለ። «መንዳት ያልቻለ ሰው ሚስቱን ሐኪም ቤት እንዴት ያደርሳል ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። ለሰው የምጠይቀው ጥያቄ አይደለማ።»

ልትጽፈው የጀመረችውን ተወችና ስልኩን ኪሷ ከተተች። ሄዳ የራሷን መኪና አመጣችና ከተደፈጠጡት ኮኖች ኋላ አቆመችው፤ ሰው በእውነተኛ መኪና ላይ ሲለማመድ ነው የሚማረው ብላ። ወርዳ ራቅ ብላ ቆመች።

«ቀስ ብለህ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ነበር። የልጄን መኪና የመታትም ቀስ ብሎ ነው።

ልጄ መጥታ ጎንበስ ብላ የመኪናዋን ባምፐር አየች፤ በጣቷ ዳሰሰችው። ቀና ስትል የምታየው እኔን ነበር።

«ዳዲ» አለች፣ «ጋሼ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ስኖው ቢወድቅም ባይወድቅም፣ ዊንተሩን ሙሉ ልታስተምራቸው ነው።»

ሽማግሌው መስኮቱን አውርዶ ዙሪያውን ቃኘ። እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ አንድ ነፍስ የለም።

«ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ፤ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ።»